የምሳ ሰዓትና አካል ጉዳተኛው ሠራተኛ

የምሳ ሰዓት ሲደርስ በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ያሉ ሠራተኞች ወደ መዝናኛ ክበባቸው ያመራሉ። በዚህ ሰዓት በቢሮው የሚቀር አካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ቢኖር ብዙዎች “አልራበውም” ብለው ያልፉታል። ይሁንና ያስቀረው የምግብ ፍላጎት ማጣት ሳይሆን፣ በክበቡ በር ላይ ያለው ደረጃ ሊሆን ይችላል።

በ2000 ዓ.ም የወጣው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ምቹ የሥራ ሁኔታ እንዲያመቻች ኃላፊነት ጥሎበታል። በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001ም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎችና መፀዳጃ ቤቶቻቸው ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ እንዲሆኑ ደንግጎ ነበር። ኢትዮጵያም የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም አጽድቃለች። ነገር ግን ስለ ምቹነት ሲነሳ ቢሮውና ሊፍቱ እንጂ የመመገቢያ ክፍሉ እምብዛም አይታሰብም።

እንቅፋቶቹ እንደ ጉዳቱ ዓይነት ይለያያሉ። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚገለገል ሰው ዝቅተኛው መሶብም ሆነ ከወለል ጋር የተያያዘው ጠረጴዛና ወንበር አያስጠጋውም። በሁለት ክራንች የሚንቀሳቀስ ሰው እጆቹ ስለተያዙ ከመስኮት የተቀበለውን ሳህን ተሸክሞ መቀመጫው ድረስ መድረስ አይችልም። የጣቶቹ አቅም የደከመበት ሰው ደግሞ እንጀራ ቆርሶ ወጡን መጠቅለል ይቸግረዋል። በስትሮክ ምክንያት ቀኝ እጁ ያልታዘዘለት ሰው በግራው ለመብላት ይገደዳል፤ በግራ መብላት እንደ ነውር ስለሚታይም ከጋራ ማዕድ መሸሽን ይመርጣል።

ከሁሉ የከፋውና ከዓይን የተሰወረው ችግር ግን ውኃ አለመጠጣት ነው። መፀዳጃ ቤቱ የማያስገባው ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ጥሙን ችሎ ይውላል። ይህ ልማድ በተለይ የአከርካሪ ጉዳት ላለበት ሰው ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ለኩላሊትና ለፊኛ ጠጠር እንዲሁም ለሆድ ድርቀት ያጋልጣል። ስለሆነም የመፀዳጃ ቤት ጉዳይ ከምግብና ከጤና ጉዳይ ተነጥሎ ሊታይ አይገባም።

መፍትሔዎቹ አብዛኞቹ ከፍተኛ በጀት የሚጠይቁ አይደሉም። ከሥሩ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ክፍት ቦታ ያለውና ወንበሩ የሚነሳ አንድ ጠረጴዛ ከበሩ አጠገብ ማዘጋጀት፣ የእጅ መታጠቢያውን ዝቅ ማድረግ፣ ምግቡን አስተናጋጅ ጠረጴዛው ድረስ እንዲያደርስ ማድረግ ይቻላል። ጠርዙ ከፍ ያለ ሳህን፣ ከሥሩ የሚነጠፍ እርጥብ ጨርቅ፣ እጀታው በጨርቅ ተጠቅልሎ የወፈረ ማንኪያና ጆሮ ያለው ኩባያ ብዙ ሰዎችን ያለ ረዳት ያበላሉ። እንጀራውን አስቀድሞ መቁረጥ ወይም ፍትፍት በማንኪያ ማቅረብም ሌላው አማራጭ ነው።

በሰው እጅ የሚመገቡም አሉ። አጉራሹ ቆሞ ሳይሆን ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ መጠኑን አሳንሶ፣ የመጀመሪያው ጉርሻ መዋጡን አረጋግጦ ሊቀጥል ይገባል። ተመጋቢው ጀርባው ቀና ማለት አለበት፤ አንገትን ወደ ኋላ አንጋሎ ማጉረስ ትንታን ያስከትላል፤ ምግብም ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ጉርሻ የፍቅር መግለጫችን ቢሆንም በራሱ መብላት የሚችለውን ሰው ሳይጠይቁ ማጉረስ እንደ ሕፃን መቁጠር ነው። “ምን ልርዳዎት?” ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

የሥራ ኃላፊዎችም ስብሰባና ዐውደ ጥናት ሲያዘጋጁ ቆሞ የሚነሳ ቡፌ ሁሉንም እንደማያስተናግድ ሊያጤኑ፣ ለምግብ ረዘም ያለ ጊዜ ለሚያስፈልገው ሠራተኛም የምሳ ሰዓቱን ሊያመቻቹለት ይገባል። የመጀመሪያው እርምጃ ግን ቀላል ነው፤ ይኸውም አካል ጉዳተኛውን ሠራተኛ ምሳውን የት እንደሚበላ መጠየቅና አብሮት ወደ ክበቡ ሄዶ መንገዱን ማየት ነው።