ነጋዴው ወይስ ገዳሪፍ? ሰዋስውና ንባብ በ12ኛ ክፍል ፈተና

በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ ከገንዳ ውሃ እስከ መተማ ዮሐንስ፣ ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ቢማርም፣ ገበያውም የሰሊጥ አጨዳውም የሚካሄደው በሌላ ቋንቋ ነው። የእንግሊዝኛው ፈተና ሰዋስውንና አንብቦ መረዳትን በየክፍሉ ስለሚጠይቅ፣ ዝግጅቱም ተከፋፍሎ፣ የሰዋስው ደንብ ለብቻው ይሸመደዳል፣ ምንባብም ለብቻው ይነበባል፤ አእምሮ ግን ሁለቱን የሚሠራው በአንድነት ነው።

«ከገዳሪፍ የመጡት ነጋዴዎች ሰሊጡን ይገዛሉ» በሚለው የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ገላጩ ሐረግ ከስሙ ይቀድማል፣ ማሰሪያ አንቀጹም መጨረሻ ላይ ሆኖ የባለቤቱን ቁጥር በራሱ ይናገራል። በእንግሊዝኛ ግን ነጋዴዎቹ ይቀድሙና ገላጩ ሐረግ በእነርሱና በዋናው ግስ መካከል ስለሚገባ፣ ከግሱ ጎን ተጠግታ የምትገኘው የሱዳኗ ከተማ ገዳሪፍ ናት። ስለዚህ በአቅራቢያው ያለውን ስም ባለቤት አድርጎ የሚወስድ ተማሪ፣ በሰዋስው ክፍል ነጠላውን ግስ ይመርጣል፣ በንባብ ክፍል ደግሞ ገዢው ማን እንደሆነ ይሳሳታል፤ ጥፋቱ አንድ ሲሆን ነጥብ የሚያስቀንሰው ግን ሁለት ጊዜ ነው።

ፊሊፕ ጎፍና ዊሊያም ተንመር በ1986 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ሐሳብ አንብቦ መረዳትን ፊደልን ወደ ቃል የመለወጥ ችሎታና ቋንቋውን የመረዳት ችሎታ ብዜት ያደርገዋል፤ ብዜት በመሆኑም አንዱ ዜሮ ከሆነ ሌላው አያድነውም። የቃላት ድርሻም ቀላል አይደለም፤ በፖል ኔሽን የ2006 እ.ኤ.አ. ጥናት መሠረት ጽሑፍን ያለ እርዳታ ለመረዳት ከ100 ቃላት 98ቱን ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ላይ ስለ ጉዳዩ አስቀድሞ ማወቅ ይጨመራል፤ በ1988 እ.ኤ.አ. ዶና ሬክትና ሎረን ሌስሊ እንዳሳዩት፣ ቤዝቦልን የሚያውቁ ደካማ አንባቢዎች ስለ ጨዋታው የሚተርከውን ምንባብ ጨዋታውን ከማያውቁ ጎበዝ አንባቢዎች በተሻለ አስታውሰዋል። የመተማ ልጅ ሰሊጥ በጊዜው ካልታጨደ ፍሬው ተፈልቅቆ እንደሚረግፍ ያውቃልና፣ ስለ ሰሊጥ የተጻፈ የእንግሊዝኛ ገጽ ለመጀመሪያ ልምምድ ከማያውቀው የበረዶ አገር ታሪክ ይሻለዋል።

የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው ሲፈተኑ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ቁጥሩ 5.4 በመቶ ደረሰ። ውጤቱን ሁሉ በእንግሊዝኛ ማመካኘት ባያስኬድም፣ የፊዚክሱም የታሪኩም ጥያቄ የሚነበበው በዚያው ቋንቋ መሆኑ አይዘነጋም።

ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ፣ ምንባብን ደጋግመው ያነበቡት ከ5 ደቂቃ በኋላ ቢበልጡም፣ ከሳምንት በኋላ የበለጡት ወረቀቱን ከድነው ያስታወሱትን የጻፉት ናቸው፤ ሽምደዳ በፈተናው ዋዜማ የሚያሳድረው መተማመን አሳሳች የሚሆነውም ለዚህ ነው። የቆየ ፈተና የያዘ ተማሪ መልሱን ከማየቱ በፊት የእያንዳንዱን ረጅም ዓረፍተ ነገር ባለቤትና ዋና ግስ ቢያሰምር፣ ምንባቡን ከድኖ ፍሬ ነገሩን በአማርኛም ቢሆን ቢጽፍ፣ የተሳሳታቸውንም ጥያቄዎች ከቀናት በኋላ እንደ አዲስ ቢሠራ፣ ሰዋስውንና ንባብን በአንድ ጊዜ ይለማመዳል።