ጥቁር ድንጋይ የማያሳብደው ማሽን፦ የመጀመሪያ ሜታል ዲቴክተር አመራረጥ

ሜታል ዲቴክተር በአገራችን የሚታወቀው በሁለት መልኩ ነው። አንዱ ባንክና ሆቴል በር ላይ ጥበቃው ከብብታችን እስከ ቁርጭምጭሚታችን የሚያዞረው መፈተሻ ነው። ሁለተኛው ወሬው ከአሶሳና ከሽሬ በኩል የሚመጣው፣ ሰውን በአንድ ሌሊት ያከብራል የሚባልለት የወርቅ ማሽን ነው። በመሃል ያለውን ግን ልብ ያለው ሰው የለም። እሱ የጠፋ ቀለበት ያስገኛል፣ የድሮ ጥይት የወደቀበትን ቦታ ያመለክታል፣ መሬትን በጆሮ ማንበብ ያስተምራል። የምጽፈው ይህን ማሽን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊገዛ ላሰበ ሰው፣ በተለይም ለመካነ ሰላም፣ ለሳይንት፣ ለለጋምቦ፣ ለወግዲና ለከላላ ሰው ነው። የኛ መሬት የራሱ ጠባይ አለው፤ በውጭ አገር የሚጻፈው ምክር አብዛኛው ደግሞ ለሌላ መሬት የተጻፈ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከታች ያለው ክብ ኮይል ተለዋዋጭ የማግኔት መስክ ወደ መሬት ይልካል፤ መስኩ ብረታ ብረት ሲያገኝ ውስጡ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ዙረት ያስነሣል፤ ያ ዙረት የራሱን መስክ መልሶ ይልካል፣ ማሽኑም ሰምቶ ይጮኻል። ስልክን በመፍጠሩ የምናውቀው አሌክሳንደር ግርሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1881 ዓ.ም በዚሁ መርህ የሠራውን መሣሪያ ይዞ፣ በጥይት ከተመቱት የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከጋርፊልድ አካል ውስጥ ጥይቱን ለመፈለግ ቀርቦ ነበር። የተኙበት አልጋ የሽቦ ስፕሪንግ ነበረውና ድምፁን አወከበት። ጥይቱ ሳይገኝ ሰውየው ሞቱ። መሣሪያው እስከ ዛሬ የሚፈተነው በዚሁ ነው፤ የሚፈለገው ነገር ዙሪያው ባለው ይሸፈናል። ለኛ ያ የሽቦ አልጋ መሬቱ ራሱ ነው።

የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ስንጥቅ እየፈሰሰ በተደራረበ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ነው። ገደሉ ላይ ደረጃ ሠርቶ የሚታየው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ይባላል። በውስጡ ማግኔታይት የተባለ፣ ማግኔት የሚስበው የብረት ማዕድን አለ። ድንጋዩ እየበሰበሰ አፈር ሲሆን ማግኔታይቱ አፈሩ ውስጥ ይቀራል፤ ከፊሉም ማግሄማይት ወደሚባል ሌላ ማግኔታማ ማዕድን ይለወጣል። ይህን በዓይኑ ማየት የፈለገ ሰው ከተበላሸ ስፒከር ውስጥ ማግኔቱን ያውጣ፣ በፌስታል ይጠቅልለው፣ ዝናብ ካባራ በኋላ መንገድ ዳር ቦይ ውስጥ የተጠራቀመውን ጥቁር አሸዋ ያማስልበት። ሲያወጣው ፌስታሉን የወረረው ጥቁር ብናኝ ማግኔታይት ነው። ፌስታሉን ገልብጦ ማግኔቱን ሲያወጣ ብናኙ እንደገና ይረግፋል። ማሽን ከመግዛቱ በፊት ይህን ያየ ሰው ግማሹን ትምህርት ጨርሷል።

ለዲቴክተሩ ይህ ከባድ ነገር ነው። ኮይሉ መሬት አጠገብ በደረሰ ቁጥር መሬቱ ራሱ መልስ ይሰጣል፤ የመሬቱ መልስ ደግሞ ከአንድ ሳንቲም መልስ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሁለቱን መለየት ያልቻለ ማሽን ወይ ያለ ዕረፍት ይጮኻል ወይ ዝም ይላል። ዝም የሚለው የባሰ ነው፤ ባለቤቱ «እዚህ ምንም የለም» ብሎ ያልፋል፣ ነገሩ ግን እግሩ ሥር አለ። ብዙ ሰው ማሽኑ ተበላሸ ብሎ ሣጥን ውስጥ የሚወረውረው በዚህ ምክንያት ነው። ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ከመሬቱ ጋር አልተስማማም እንጂ።

የሚያስማማው ግራውንድ ባላንስ የሚባለው ማስተካከያ ነው። የኛ አገር ገዢ ከማናቸውም ነገር በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ስለዚህ ነው፤ ከጥልቀት በፊት፣ ከስክሪን በፊት፣ ከዋጋም በፊት። አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። ብረታ ብረት የሌለበት ንጹሕ ቦታ ይፈለጋል፤ ኮይሉ ከመሬት ጋር ትይዩ ሆኖ ከአንድ ስንዝር ከፍታ እስከ ሁለት ሦስት ጣት ድረስ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ደግሞ ይወርዳል። ሲወርድ ድምፅ ከጨመረ ወይም ከቀነሰ ሚዛኑ ገና ነው። ሲወርድም ሲወጣም ድምፁ አንድ ዓይነት ሲሆን ማሽኑ መሬቱን ለይቶ አውቆታል ማለት ነው። አንዳንዱ ማሽን ቁልፍ ተጭነው ሲያወርዱና ሲያወጡት ራሱ ያስተካክላል፤ አንዳንዱ በእጅ ይስተካከላል፤ አንዳንዱ እየተሄደ ይከታተላል። የመጨረሻው ዓይነት ደግሞ ከፋብሪካ እንደተቆለፈ የሚመጣ ነው። በዓለም ላይ እጅግ ከተሸጡት የጀማሪ ማሽኖች አንዱ የሆነው ጋሬት ኤስ 250 የዚህ ዓይነት ነው፤ ለባሕር ማዶ መናፈሻ ሣር መልካም ነው፣ ለወሎ ቦረና ጥቁር አፈር ግን አልመክረውም።

አንድ አዛውንት ገበሬ ወገላቸው ከማረሻው ወልቆ እርሻ ውስጥ ጠፋባቸው። አንድ ወጣት ዘመድ ከውጭ ያመጣለትን ርካሽ ማሽን ይዞ ደረሰ። ማሽኑ በየድንጋዩ ጮኸ። እያንዳንዱ ጭብጥ የሚያህል ባዛልት ድንጋይ ለዚያ ማሽን ወገል ነበር። «ልጄ፣ ይህ እቃ እኮ ድንጋይ ነው የሚቆጥር» አሉ ሽማግሌው። በኋላ ግን በሚስተካከል ማሽን፣ እርሻው መሃል ላይ ቆመን መሬቱን አስማምተን፣ የማሽኑን ስሜት (ሴንሲቲቪቲ) ዝቅ አድርገን ስንፈልግ ወገሉ ከአንድ ትልም ጠርዝ አንድ ስንዝር ወርዶ ተገኘ። ድምፁ ከድንጋዩ ድምፅ ይለያል፤ ድንጋይ ሲጮኽ ጠርዙ የማይታወቅ ዝርግ ድምፅ ነው፣ ብረት ግን የተቆረጠ ነው፤ ከየትኛውም አቅጣጫ ቢመጡበት በዚያው ቦታ ይደግማል። ጀማሪ ዞር ብሎ በሌላ አቅጣጫ ሳይደግም መቆፈር የለበትም።

ስሜቱን ዝቅ ማድረግ ስል ሰው ይደነግጣል። «ለምን አቅሙን ይቀንሳሉ?» ይሉኛል። ጨለማ ክፍል ውስጥ የምትጮኽ ትንኝ ለመስማት ሬዲዮ መዝጋት ግድ ነው፤ እዚህም ከአፈሩ የሚመጣው ሁካታ ሲቀንስ ትንሹ ነገር ይሰማል። በማግኔታማ አፈር ላይ ስሜቱን ጫፍ ማድረስ ጥልቀት አይጨምርም።

የተቃጠለ ቦታም ልብ ይባል። እሳት አፈር ውስጥ ያለውን የብረት ውሁድ ወደ ማግሄማይት ይለውጣል፤ ስለዚህ የድሮ ከሰል የተቃጠለበት ጉድጓድ፣ የፈረሰ ቤት ምድጃ ያለበት ቦታ ብረት ሳይኖርበት ድምፅ ያሰማል። ለታሪክ ወዳድ ይህ ራሱ ወሬ ነው፤ ሰው እዚያ ይኖር ነበር ማለት ነው። ከመካነ ሰላም ወደ ጉንደወይን በሚወስደው መንገድ ወደ አባይ በረሃ ስንወርድ ደግሞ ከባዛልቱ ሥር ኖራ ድንጋይና አሸዋ ድንጋይ ይወጣል። ላይ ሲጮኽ የዋለው ማሽን ኖራ ድንጋዩ ላይ ጸጥ ይላል። የማሽኑን ጠባይ ለማወቅ ከዚህ ቁልቁለት የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም።

ስለ ጥልቀት የሚወራው አብዛኛው ሐሰት ነው። ትንሽ ነገር ከኮይሉ ስፋት በላይ ሲርቅ ምልክቱ በርቀቱ ስድስተኛ ኃይል ይደክማል፤ ርቀቱ እጥፍ ቢሆን ምልክቱ ወደ 64 ጊዜ ያንሳል። ለዚህ ነው ጥሩ የጀማሪ ማሽን አንድ የብር ሳንቲም ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ሲያገኝ የተሳካለት የሚባለው። ሁለት ሜትር፣ አምስት ሜትር የሚል ማስታወቂያ ያየ ሰው ገንዘቡን ይያዝ። በእጅ ተይዞ አንቴናው ራሱ እየዞረ «ወርቅ ከአንድ ኪሎ ሜትር ያመለክታል» የሚባለውማ ወንጀል ነው። እንዲሁ አንቴናው የሚዞር ኤዲኢ 651 የተባለ «ቦምብ ፈላጊ» ለኢራቅ በሚሊዮኖች ዶላር ተሽጦ ነበር፤ ውስጡ ምንም የሚሠራ ነገር እንደሌለ ተረጋግጦ ሻጩ እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም ለንደን ውስጥ 10 ዓመት ተፈረደበት። በዚያ እቃ አምነው በፍተሻ ኬላ የቆሙ ሰዎች ነበሩ።

አንድ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ጋሼ፣ ኦፓል ያገኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በ2000 ዓ.ም ደላንታ ወገል ጤና ላይ ኦፓል ከተገኘ ወዲህ ወሎ ውስጥ ስለ ድንጋይ የማያስብ ወጣት የለም። ኦፓል ግን ሲሊካና ውሃ ነው፤ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ ለማሽኑ የለም። ድሮ ገንዘብ ሆኖ ያገለገለው አሞሌ ጨውም እንዲሁ ያልፈዋል። ወርቅስ? ወርቅ ብረታ ብረት ነውና ይጮኻል፤ ነገር ግን የአሶሳና የሻኪሶ ወርቅ ያለው ከዚህ ባዛልት በብዙ የሚበልጥ ዕድሜ ባላቸው አለቶች ውስጥ ነው፤ በኛ ደጋ ያ አለት ባዛልቱን ተሸክሞ ከሥር ቀርቷል። ደግሞ ትንሽ ወርቅና የመድኃኒት መጠቅለያ አልሙኒየም በማሽኑ ስክሪን ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ይሰጣሉ።

ስለዚህ የወርቅ ቆፋሪዎች የሚይዙትን ማሽን አትግዙ። እንደ ማይንላብ ጂፒኤክስ 5000 ያለው በአፍታ ግፊት የሚሠራ ማሽን ጥቁር አፈርን በሚገባ ይችላል፤ ዋጋው ግን ብዙ ሺህ ዶላር ነው፣ ብረትን ከሌላው የመለየት አቅሙም ደካማ ነው። ሚስማርና የፈረስ ጫማ በሞላበት መንደር ዙሪያ ቀኑን ሙሉ ሚስማር ያስቆፍራል። ለጀማሪ ከሚቀርቡት ውስጥ ኖክታ ሲምፕሌክስ ግራውንድ ባላንሱ የሚስተካከል፣ ውሃ የማያስገባ፣ ዋጋውም የማይጎዳ ነው። አቅም ያለው ሰው እንደ ማይንላብ ኢኩኖክስ ያለውን በአንድ ጊዜ ብዙ ፍሪኩዌንሲ የሚልክ ቢይዝ በባዛልት ላይ ልዩነቱን ያየዋል። አገር ከማስገባቱ በፊት ግን ጉምሩክን ይጠይቅ። የጆሮ ማዳመጫም ግዴታ ነው።

ምን ይገኛል? ቆርኪ፣ ሚስማር፣ የጥይት ቀለህ፣ የበቅሎ ዕቃ ማሰሪያ። አንድ ቀን ደግሞ ማርትሬዛ። ማርትሬዛ ወደ 28 ግራም የሚመዝን፣ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ብር ነው፤ መቼም ይመታ መቼ 1780 የሚል ዓመት አለበት። ድምፁ ከፍ ያለና የጠራ ነው፤ አንድ ጊዜ የሰማው አይረሳውም። ሚኒልክ በ1887 ዓ.ም ፓሪስ ማስመታት የጀመሩት የራሳቸው ብር ክብደቱም ንጥረቱም ከሱ የተቀራረበ ስለሆነ ድምፃቸው ይመሳሰላል።

ኮይሉን ስታወዛውዙ ጫፍና ጫፍ ላይ ወደ ላይ አታንሡ፤ ብዙ ሰው ሣር እንደሚያጭድ ያነሣዋል፣ በዚያው ጫፍ ያለው ሁሉ ይቀራል። የቆፈራችሁትን መልሳችሁ ድፈኑ። ያልደፈናችሁት ጉድጓድ የሰው በሬ እግር ይሰብራል። ባለመሬቱን ሳትጠይቁ አትግቡ። ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና መቃብር ዙሪያ ጭራሽ አትሂዱ።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘም ሰው ሳያንቀሳቅስ ወዲያው እንዲያሳውቅ ያዛል። ይህ ለኛ አካባቢ ባዶ ሕግ አይደለም። አካባቢው ድሮ ቤተ አምሐራ ነበር፤ አፄ ናኦድ ጀምረው አፄ ልብነ ድንግል የጨረሱት፣ በወርቁ የተነገረለት መካነ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1531 ዓ.ም የተቃጠለው በዚሁ ምድር ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ አንድ ወርቅ ቅጠል ከአፈሩ ያወጣ ሰው የወርቁን ታሪክ አብሮ ያጠፋል። ጦርነት ባለፈበት ቦታ ደግሞ የማይታወቅ ብረት ቆፍሮ ማውጣት ሕይወት ያስከፍላል። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ይዞ ነበር፤ ያልፈነዳ ነገር ዛሬም ሰው ያቆስላል። ክብ ወይም ሾጣጣ ነገር ሲታይ እጅ ይሰበሰባል፣ ቦታው ይታወቃል፣ ፖሊስ ይጠራል።

ይህ ማሽን ያለ ስርቆት ምን እንደሚሠራ የታየው አሜሪካ ውስጥ ሊትል ቢግሆርን በሚባለው የጦር ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ዓ.ም ሰደድ እሳት ሣሩን ካጠፋው በኋላ አርኪዮሎጂስቶች ፈቃደኛ የዲቴክተር ወዳጆችን አስተባብረው በመስመር አሰለፉ። እያንዳንዱ ቀለህና ጥይት ባለበት ምልክት ተደረገለት፣ ካርታ ላይ ሰፈረ። ከዚያ ማን የት ቆሞ እንደተኮሰ፣ ወዴት እንደሸሸ ታወቀ፤ የጽሑፍ ምንጭ ያልተናገረውን ቀለሁ ተናገረ።

ከኛ ወደ ሰሜን፣ መቅደላ ሥር ያለው የአሮጌ ሜዳ ተመሳሳይ መሬት ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም የአፄ ቴዎድሮስ ጦር ከአምባው ወርዶ እንግሊዞችን የገጠመው እዚያ ነው፤ እንግሊዞቹም ስናይደር የተባለውን ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ በጦርነት ለመጀመሪያ ጊዜ የተኮሱት እዚያው ነው። የስናይደር ቀለህ የወደቀበት ቦታ የተኳሹን መስመር ያሳያል፤ የቴዎድሮስ ሰዎች የተኮሱት እርሳስ ደግሞ እስከ የት ድረስ እንደ ደረሱ። እርሳስም የነሐስ ቀለህም በባዛልት አፈር ውስጥ በሚገባ የሚሰሙ ናቸው። እንዲህ ያለ ሥራ በኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ፣ በባለሙያ መሪነት ሲታሰብ፣ በዚያ መስመር ላይ ማሽን ይዘው እንዲሰለፉ የምመኘው የተንታ፣ የመቅደላና የቦረና ልጆችን ነው፤ ጥቁሩን አፈር ከልጅነት ጀምረው ያረሱት እነሱ ናቸውና ማሽኑን ከመሬቱ ጋር ማስማማቱን ከማንም ቀድመው ይማሩታል።