የምግብ ሸቀጦችን ወደ ቤት ሲያስመጡ የአካባቢ ጉዳትን ስለመቀነስ፦ ለባሕር ዳርና ለጣና ዳርቻ ሸማቾች የቀረበ ማብራሪያ

የምግብ ሸቀጦችን በስልክ ወይም በቴሌግራም አዝዞ፣ ክፍያውን በቴሌብር ፈጽሞ ዕቃውን ደጃፍ ላይ መረከብ በከተሞቻችን እየተለመደ የመጣ አገልግሎት ነው። ሸማቾች በአብዛኛው የሚያነጻጽሩት ዋጋውንና ፍጥነቱን ሲሆን፣ ዕቃው በምን ተጓጉዞና በምን ተይዞ እንደሚመጣ እምብዛም አይጠየቅም። ይህ ማብራሪያ በባሕር ዳርና በጣና ሐይቅ ዳርቻ የሚኖሩ ተገልጋዮች በሚያዙበት ጊዜ አካባቢን ያነሰ የሚጎዳውን አማራጭ ለይተው እንዲመርጡ ለማገዝ የተዘጋጀ ነው።

ዴሊቨሪ ሁልጊዜ ብክለት ይቀንሳል?

አይቀንስም። ብዙ ቤተሰብ የግል መኪና እየነዳ በሚገበይባቸው አገሮች አንድ የጭነት መኪና የበርካታ ቤቶችን ዕቃ በአንድ ዙር ማድረሱ የብዙ መኪኖችን ምልልስ ያስቀራል። በባሕር ዳር ግን ሽንኩርትና ቲማቲም የሚገዛው ባመዛኙ በእግር ተሂዶ ከሰፈር ጉልት ነው። ለዚህ ሸማች አንድ ኪሎ ቲማቲም በቤንዚን ሞተር ሳይክል ቢመጣለት፣ ቀድሞ ያልነበረ ጭስ ተጨመረ እንጂ የቀረ ነገር የለም። በአንጻሩ የወር አስቤዛውን ከቅዳሜ ገበያ ለማምጣት ባጃጅ በኮንትራት የሚይዝ ቤተሰብ፣ ዕቃው ከጎረቤቶቹ ዕቃ ጋር ተጭኖ ቢደርስለት ነዳጅም ገንዘብም ይቆጥባል። ስለሆነም በቅርብ የሚገኘውን በእግር መግዛት፣ ከባዱንና የሩቁን ደግሞ አጠራቅሞ ማዘዝ ይመከራል።

ችኮላ የሚያስከትለው ወጪ

ለምሳሌ ያህል ከአንድ መደብር 3 ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ ሰፈር ስድስት ቤተሰቦች በየፊናቸው ቢያዙና ለእያንዳንዳቸው «አሁኑኑ ይምጣ» ቢባል፣ ዕቃ አድራሹ ደርሶ መልስ 36 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ስድስቱም ትዕዛዝ በአንድ ዙር ቢወጣ፣ ከቤት ቤት የሚደረገው ጉዞ 2 ኪሎ ሜትር ቢሆን እንኳ ጠቅላላው ከ8 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ልዩነቱን የሚፈጥረው ጥቂት ሰዓት የመታገሥ ጉዳይ ብቻ ነው። ስለዚህ መደብሩ ወደ ሰፈርዎ በስንት ሰዓት በጋራ እንደሚያደርስ ይጠይቁ። ጎረቤት ከጎረቤት ተነጋግሮ በአንድ ላይ ማዘዝም ይቻላል፤ በዕቁብና በማኅበር ለሚገናኝ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይሆንበትም። በበዓል ዋዜማ ትዕዛዝ ስለሚደራረብ ሁለት ቀን አስቀድሞ ማዘዝ ተገቢ ነው።

ቀላል የሚመስለው የአድራሻ ጉዳይም ነዳጅ ይበላል። በከተሞቻችን ቤት የሚገኘው በቁጥር ሳይሆን በምልክት ነው። ቤተ ክርስቲያኑን፣ መስጊዱን ወይም ትምህርት ቤቱን ብቻ ጠቅሶ መተው ሞተሩ ሳይጠፋ ሰፈሩን እንዲዞር ያደርጋል። የስልኩን የቦታ ማመልከቻ አብሮ መላክና በተባለው ሰዓት ቤት መገኘት ይህን ያስቀራል።

በምን ይምጣ?

ባሕር ዳር ሜዳማ ከተማ በመሆኗ ብስክሌት ከጥንት ጀምሮ የነዋሪዋ መጓጓዣ ነው። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይም የብስክሌትና የእግረኛ መንገድ ስላለው፣ ከወንዙ ማዶ ያሉ ሰፈሮች ጭምር በብስክሌት ሊደረስባቸው ይችላል። ለቀላል ዕቃ ከዚህ የተሻለ አማራጭ የለም።

ለከባድ ዕቃ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሞተር ሳይክል ወይም ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ ያለው መደብር ቢመረጥ ይመረጣል። ነዳጅ ሙሉ በሙሉ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የሚገባ ሲሆን፣ ኤሌክትሪካችን በአመዛኙ ከውኃ የሚመነጭ ነው። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ጣቢያ የሚሠራው ከዚሁ ከጣና ሐይቅ በሚወሰድ ውኃ ነው።

በምን ይያዝ?

የማሸጊያው ጉዳይ ለሐይቁ ዳርቻ ነዋሪ ከጭሱም ይበልጥ የቀረበ ነው። ሜዳ ላይ የተጣለ ፌስታል በክረምት ጎርፍ ተገፍቶ ቦይ ይደፍናል፤ የተረፈው ወደ ሐይቁና ወደ ዓባይ ይገባል፤ ከብቶችም እየበሉት ይሞታሉ። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭነት የተመዘገበ ሐይቅ ነው፤ እምቦጭ ያደረሰበት ጉዳት ሳያንስ ፕላስቲክ ሊጨመርበት አይገባም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅም የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክልና በቅጣት የሚያስጠይቅ ነው። ዕቃው በእጅዎ ሳይሆን በዕቃ አድራሹ እጅ ተይዞ መምጣቱ ነገሩን አይለውጠውም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ሲያዙ «ፌስታል አያስፈልግም» ብለው ይግለጹ። ዕቃው በዘንቢል፣ በቅርጫት ወይም በጨርቅ ከረጢት ይምጣ፤ ደጃፍ ላይ ወደ ራስዎ ዕቃ ይገለበጥና ዘንቢሉ ይመለስ። ጤፍና ሽንኩርት ቀድሞውንም በጆንያ የሚጓዙ ናቸው። ጥንቃቄ የሚሻው ዓሣ ነው፤ ቶሎ ስለሚበላሽ ሻጮች በፌስታል ላይ ፌስታል እየደረቡ ይሰጣሉ። ዓሣ አስጋሪዎች ከሐይቁ የሚመለሱበትን ሰዓት ጠይቀው ከዋዜማው ያዝዙ፤ ክዳን ያለው ታጥቦ የሚመለስ ዕቃ እንዲጠቀሙም ይንገሯቸው። የታጠበውን ባዶ ዕቃ ለዕቃ አድራሹ በዚያው ማስረከብ ለብቻው ተመልሶ እንዳይመጣ ያደርጋል።