ዝምተኛው ስሕተት፦ ‘ሞናድ’ በመንገድ የሚጠፋን መረጃ እንዴት ይታደጋል?

በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 25 እስከ ኦክቶበር 2 ቀን 2020 ባሉት ቀናት በኮቪድ መያዛቸው የተረጋገጠ 15,841 ሰዎች ከዕለታዊው ይፋዊ ቁጥር ሳይካተቱ ቀርተው ነበር። ምርመራው በአግባቡ ተከናውኗል፤ ላብራቶሪዎቹም ውጤቱን ልከዋል። ጉድለቱ የተፈጠረው መረጃው ከአንድ ቅርጽ ወደ ሌላ ሲለወጥ ነው። በተራ የጽሑፍ ፋይል የሚመጣው ዝርዝር ወደ አሮጌ የኤክሴል ፋይል ይገለበጥ ነበር፤ ያ የፋይል ዓይነት ደግሞ ከ65,536 መስመሮች በላይ የመያዝ አቅም የለውም። ለአንድ ሰው በርካታ መስመሮች ያስፈልጉ ስለነበር ፋይሉ ሳይታሰብ ሞላ፤ የተረፈውም ከውጭ ቀረ። ተመርማሪዎቹ ውጤታቸው ተነግሯቸዋል፤ ከእነርሱ ጋር ንክኪ የነበራቸውን አፈላልገው የሚያስጠነቅቁት ሠራተኞች ግን ዝርዝሩ የደረሳቸው ዘግይቶ ነው።

ፕሮግራም ተበላሽቶ ሲቆም ባለቤቱ ወዲያው ያውቃል፤ ያበሳጫል እንጂ አያታልልም። የሚያስፈራው ጉድለቱን ይዞ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራውን የሚቀጥለው ነው። ከሒሳብ የተገኘና ‘ሞናድ’ የሚባል አንድ ሐሳብ ለዚህ ዓይነቱ ችግር መላ ሆኖ ዛሬ እንደ ፓይተንና ጃቫስክሪፕት ባሉ የስክሪፕት ቋንቋዎች ጭምር ይሠራበታል። እነዚህ ቋንቋዎች ዝርዝር ለማጥራትና ፋይል ለመለወጥ ባለሙያዎች ቀድመው የሚያነሷቸው መሣሪያዎች በመሆናቸው፣ ዝምተኛው ስሕተትም የሚያዘወትረው እዚያው ነው።

በአንድ የውጭ አገር ከተማ የሚገኝ የኢትዮጵያውያን ማኅበር የ1,000 አባላቱን መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር ያስገባል እንበል። ሥራው አራት እርምጃዎች አሉት፦ የልደት ቀኑን ጽሑፍ ማንበብ፣ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን ወደ ቁጥር መለወጥ፣ ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ወደ ጎርጎርዮሳዊው ማዛወር፣ በመጨረሻም ዕድሜን ማስላት። እያንዳንዱ እርምጃ አንድ ፋንክሽን ነው፤ የአንዱ ውጤት ለቀጣዩ ግብዓት ይሆናል።

ከአባላቱ አንዷ የተወለደችው ጳጉሜ 5 ቀን 1978 ዓ.ም. ነው፤ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1986 ማለት ነው። የፕሮግራሙ ጸሐፊ ሦስተኛውን እርምጃ ዘንግቶ ቁጥሮቹን በቀጥታ ለጃቫስክሪፕት ቢሰጥ፣ ቋንቋው አሥራ ሦስተኛ ወር የለም ብሎ አይከራከርም። የተረፈውን አንድ ወር ወደ ቀጣዩ ዓመት ያሸጋግርና ‘ጃንዋሪ 5 ቀን 1979’ ይላል። ሴትዮዋ በአንዲት መስመር ኮድ ከሰባት ዓመት ከስምንት ወር በላይ አረጀች። የዓመቱ ቦታ ባዶ ቢሆን ደግሞ የጃቫስክሪፕት የተለመደው ቁጥር ለዋጭ ባዶውን ጽሑፍ 0 ያደርገዋል። ፓይተን በአንጻሩ ሁለቱንም አይቀበልም፤ ስሕተት መኖሩን አሳውቆ ያቆማል። ይህ እጅግ የተሻለ ነው፤ ነገር ግን ጸሐፊው አስቀድሞ ካልተዘጋጀበት በአንዲት ጳጉሜ ምክንያት የ999 ሰዎች መዝገብም አብሮ ይቆማል።

ብዙዎች የሚመርጡት መውጫ፣ መልስ በጠፋበት ቦታ ‘ምንም’ የሚል ባዶ ዋጋ መመለስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ‘ነል’ የተባለውን ባዶ ማመልከቻ አልጎል ደብሊዩ በተባለው ቋንቋ ውስጥ ያስገቡት ብሪታንያዊው ሊቅ ቶኒ ሆር፣ በ2009 ባደረጉት ንግግር ‘የቢሊዮን ዶላር ስሕተቴ’ ብለውታል። ባዶው ዋጋ ምን እንደ ተፈጠረ አይናገርም፤ ችግሩም ብቅ የሚለው ብዙውን ጊዜ ከተፈጠረበት ቦታ ርቆ ነው።

ሞናድ መፍትሔ የሚሰጠው ዋጋውን በመጠቅለል ሲሆን፣ ክዳን ባለው ሙዳይ ሊመሰል ይችላል። ፋንክሽኑ ውጤቱን እንዲሁ አያስረክብም፤ በሙዳይ ከትቶ ይሰጣል። ሙዳዩ ሁለት ዓይነት ነው፦ አንዱ ዋጋውን ይይዛል፤ ሌላው ሥራው ያልተሳካበትን ምክንያት። በፋንክሽኖቹ መካከል ደግሞ አንድ አያያዥ ይቆማል። ሙዳዩን ይከፍታል፤ ዋጋ ካገኘ አውጥቶ ለቀጣዩ ፋንክሽን ይሰጣል፤ ምክንያት ካገኘ ግን ክዳኑን መልሶ እንዳለ ያሳልፈዋል፤ የቀሩት ፋንክሽኖች አይነኩትም። ቀጣዩ ፋንክሽንም የራሱን ሙዳይ ስለሚመልስ፣ ሙዳይ በሙዳይ ላይ እንዳይደራረብ የሚጠነቀቀው ይኸው አያያዥ ነው። ሦስት የሒሳብ ሕጎች ይገዙታል፤ ፍሬ ነገራቸው መጠቅለሉ ብቻውን ዋጋውን እንዳይለውጥ፣ እርምጃዎቹም ቅደም ተከተላቸው ሳይናጋ በየትኛውም መንገድ ቢቧደኑ ውጤቱ አንድ እንዲሆን ነው። ምሥጢር የሚባለው ከዚህ ብዙም አይርቅም።

በማኅበሩ መዝገብ ላይ ሲሠራ፣ ንጹሕ የሆኑት መስመሮች እስከ መጨረሻው ይሄዳሉ፤ የሴትዮዋ መስመር ደግሞ ‘ወሩ 13 ነው፤ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር 12 ወር ብቻ አለው’ የሚል ማብራሪያ ይዞ ይወጣል። እርግጥ ሙዳዩ በራሱ አይመረምርም፤ 13 ከ12 መብለጡን የሚያጣራውን መስመር ጸሐፊው መጻፍ አለበት። በብሪታንያም ቢሆን የገቡትንና የተገለበጡትን መስመሮች ቆጥሮ ልዩነቱን የሚመልስ እርምጃ ቢኖር፣ ምክንያቱ ከመረጃው ጋር አብሮ ይጓዝ ነበር።

ሐሳቡ የፈለቀው ካቴጎሪ ቲዎሪ ከተባለው ረቂቅ የሒሳብ ዘርፍ ነው። ለፕሮግራም ስሌት እንደሚያገለግል እ.ኤ.አ. በ1989 ያሳዩት ጣሊያናዊው ኤውጄኒዮ ሞጂ ሲሆኑ፣ ፊሊፕ ዋድለር ደግሞ በሃስኬል ቋንቋ ለሚጽፉት አስተዋወቁት። ከዚያ ወዲህ ‘ሞናድ ምንድን ነው?’ እያለ የተጻፈው ማብራሪያ ከመብዛቱ የተነሣ ራሱ የባለሙያዎች መቀለጃ ሆኗል።

የድረ ገጽ ፕሮግራም የሚጽፉ ብዙዎች ስሙን ሳይሰሙ የቅርብ ዘመዱን ይጠቀሙበታል። ጃቫስክሪፕት እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ ደረጃው ያስገባው ‘ፕሮሚስ’ ገና ያልደረሰን ውጤት ጠቅልሎ ይይዛል፤ አንዱ እርምጃ ሲከሽፍ ቀጣዮቹን ዘሎ ስሕተቱን ወደሚቀበለው ያመራል። ጥብቅ የሒሳብ ሰዎች ሕጎቹን ሙሉ በሙሉ ስለማያከብር ሞናድ አይሉትም። ክርክሩ ለእነርሱ ይተዋል።

በፓይተን ሙዳዩንና አያያዡን ከሃያ በማይበልጡ መስመሮች መጻፍ ይቻላል። ችግሩ አስገዳጅ አለመኖሩ ነው። በሃስኬል ሙዳዩን የረሳ ጸሐፊ ፕሮግራሙ ገና ሥራ ሳይጀምር ይያዛል፤ በፓይተን ግን ፋንክሽኑ ዋጋውን ሳይጠቀልል ቢመልስ የሚታወቀው ሲሠራ ነው። የፓይተን ልማድም ስሕተትን ወርውሮ ሌላ ቦታ መቀበል በመሆኑ፣ ሁለቱን ስልቶች ያለ ስምምነት ማደባለቅ ለሥራ ባልደረባ ራስ ምታት ነው። ለአሥር መስመር ስክሪፕት ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ መስመር አንድ ሰው በሆነበት መዝገብ ግን ድካሙ የሚያስቆጭ አይደለም።

ሰንሰለቱ ከመጀመሪያው ውድቀት በኋላ ስለማይመረምር፣ ሦስት ስሕተት ያለበት መስመር አንዱን ብቻ ይናገራል፤ ሁሉንም ለመሰብሰብ ሌላ ዘመድ አሠራር ያስፈልጋል። ከዚህ የሚከፋው ‘30/6/1978’ ነው። ጸሐፊው የካቲት 30 ቀን 1978 ዓ.ም. ማለቱ ቢሆንም፣ ‘ጁን 30 ቀን 1978’ ተብሎ ቢነበብም ትክክለኛ ቀን ስለሆነ ማጣሪያው ምንም አይታየው፤ ሙዳዩም ወደ ስምንት ዓመት የሚጠጋውን ልዩነት ይዞ ያልፋል። ለዚህ የሚያስፈልገው በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ ‘በየትኛው አቆጣጠር?’ የሚል አንድ ተጨማሪ ጥያቄና፣ መልሱን ከቀኑ ጋር በአንድ ሙዳይ የሚከት የመጀመሪያ ፋንክሽን ነው።