አንድ ስሪዲ ፊልም፣ ሁለት ጥቅል

ከቃሊቲ ቦሌ ድረስ ተጉዞ፣ ኤድና ሞል ማቲ ሲኒማ ውስጥ መነጽር አድርጎ ፊልም ያየ ወጣት ስሪዲ ከ«አቫታር» ጋር የመጣ ቢመስለው አይፈረድበትም። እውነታው ግን ሌላ ነው። «ዘ ፓወር ኦፍ ላቭ» የተባለው ስሪዲ ፊልም ሎስ አንጀለስ ውስጥ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1922 ነበር፤ የስሪዲ ቅጂው ጠፍቶ ቀርቷል። በ1952 የወጣው «ብዋና ዴቪል» ታሪኩን የወሰደው ከጎረቤት ኬንያ፣ የባቡር ሐዲድ ሠራተኞችን ከፈጁት የጻቮ አንበሶች ነው። በ1953 ደግሞ «ሲዝ ፋየር» እውነተኛ ወታደሮችን እያሠራ ኮሪያ ውስጥ በስሪዲ ተቀረጸ። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያው የቃኘው ሻለቃ ልጆችም ኮሪያ ምድር ላይ ይዋጉ ነበር።

የድሮ ስሪዲ ሁሉ በቀይና ሰማያዊ መነጽር ይታይ ነበር የሚለውም በሰፊው የሚታመን ነው። የ1950ዎቹ የሆሊውድ ስሪዲዎች ግን በአብዛኛው የሚታዩት በግራጫ ፖላራይዝድ መነጽር ነበር። ፊልሙ ለግራና ለቀኝ ዓይን በተለያዩ ሁለት ጥቅሎች ይቀረጻል፤ ሲታይም ሁለት ፕሮጀክተሮች ተቆራኝተው፣ እኩል እየዞሩ፣ ብርማ ቀለም በተቀባ ስክሪን ላይ ያሳዩታል።

ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ጥቅል ከጠፋ በእጅ የሚቀረው ተራ ፊልም ነው።

«ኮምፒውተር እያለ ምን ያስቸግራል?» የሚል አይጠፋም። ኮምፒውተር ያግዛል፤ ዓይን ግን አይታለልም። ድሮ የሲኒማ ቤት ሠራተኛ የተቀደደውን የግራ ጥቅል ቆርጦ ሲቀጥል አንዲት ምስል ብቻ አጉድሎ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚሮጠው ሰው እግር ለአንዱ ዓይን ገና አየር ላይ ነው፣ ለሌላው መሬት ረግጧል። አንዱ ምስል ከሌላው ጥቂት ከፍ ካለም ተመልካቹን ራስ ምታት ይይዘዋል። በሰከንድ 24 ምስል ሲታሰብ የ90 ደቂቃ ፊልም ለሁለቱ ዓይን 259,200 ምስል አለው፤ ይህ ሁሉ ጥንድ በጥንድ መስተካከል አለበት። የ1954ቱ «ጎግ» የአንድ ዓይን ቅጂ ለአሥርተ ዓመታት ጠፍቶ ሲገኝ ቀለሙ ከስሞ ነበር። በቦብ ፈርማኔክ የተመሠረተው የስሪዲ ፊልም ቤተ መዛግብት ባለሙያዎች የከሰመውን ቀለም ከሌላው ዓይን ጋር አስማምተው ፊልሙን ወደ ስሪዲነቱ መልሰውታል።

ከሁሉ የሚጎዳው እምነት ግን «ጣሳ ውስጥ ከተከደነ ፊልም አይበላሽም» የሚለው ነው። ሙቀትና እርጥበት አሲቴት ፊልምን ከውስጥ ያፈርሱታል። ጣሳው ሲከፈት አቼቶ አቼቶ ከሸተተ መበላሸት ጀምሯል፤ ፊልሙ ይኮማተራል፣ ይጠማዘዛል። የስሪዲ ሁለቱ ጥቅሎች እኩል ካልተኮማተሩ ደግሞ ምስሎቹ መገጣጠም ያቅታቸዋል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው የቃሊቲ የቆርቆሮ መጋዘን የፊልም ቦታ አይደለም።

ስሪዲ ባይሆንም ከአገር ቤት በፊልም እድሳት የሚጠቀሰው የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ የተቀረጸው ይህ ፊልም የታደሰው ጣሊያን፣ ቦሎኛ ውስጥ ነው። ሊታደስ የቻለውም የሚታደስ ጥቅል ስለተረፈ ነው።

ቤቱ ወይም መጋዘኑ ውስጥ የድሮ ጥቅል ፊልም ያለው ሰው በጉልበት አይዘርጋው፣ በተራ ፕሮጀክተርም አይሞክረው። ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ያስቀምጠው፤ አቼቶ የሚሸተውን ከደህናው ይለይ፤ ከመጣሉም በፊት የአገሪቱን ቤተ መዛግብት፣ ወመዘክርን፣ ያማክር።