በከብት ሆድ ድንበር የሚሻገረው ዛፍ

በከሰላ ዙሪያ፣ በሐልፋ ጀዲዳ የመስኖ እርሻና በጋሽ ወንዝ ዳርቻ ከብት የነዳ ነጋዴ መስኪትን ያውቀዋል። እሾሃማ ነው፤ በበጋም አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፤ ቢጫ አበባው ንብ ይስባል። ወገኑ ከግራርና ከባቄላ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ፕሮሶፒስ ይባላል።

የዛፉ አገር አሜሪካ ነው። ሱዳን የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ሲሆን፣ በኋላም ነፋስና አሸዋ እንዲያግድ በምሥራቁ ክፍል ተተከለ። የእርሻና የግጦሽ መሬት ሲወር ግን የሱዳን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1995 እንዲጠፋ ደነገገ። ዛፉ ግን አልጠፋም።

ነጋዴውን በቀጥታ የሚነካው ፍሬው ነው። ረጅሙ ፍሬ ጣፋጭ ስለሆነ ሣር ሲያልቅ ከብቱም ግመሉም ፍየሉም ይሻማበታል። ውስጡ ያለው ዘር ግን ጠንካራ ነው፤ ብዙው ሳይፈጭ በሆድ አልፎ እበት ላይ ይበቅላል። ከሰላ ላይ የበላ ግመል ሰቲትን ተሻግሮ ሑመራ ላይ ሊዘራው ይችላል። ከብት አራግፎ ሳይታጠብ የተመለሰ መኪናም መተማ ላይ እበቱን ሲጥል ያው ነው።

መጨረሻው ምን እንደሚመስል አፋር ያሳያል። እዚያ ዛፉ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደያዘ ይገመታል፤ በአዋሽ ዳር የነበረውን የአርብቶ አደሩን ግጦሽ ነጥቋል። ሣር ከሌለ ሰንጋ የለም፤ ሰንጋ ከሌለ ንግዱም የለም።

ፍሬው ለከብቱም ብቻውን አይበጅም። ለረጅም ጊዜ ሌላ ሳይቀላቀልበት ከተበላ፣ ስኳሩ ሣር የሚያብላሉትን የጨጓራ ተሕዋስያን ያዳክማል። ከብቱ ይከሳል፣ ማላመጥም ያቅተዋል። ገበያ ሲወጣ ኪሳራው የነጋዴው ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ፍሬው በደንብ ደርቆ ከነዘሩ ከተፈጨ ዘሩ ይሞታል፣ በዘሩ ውስጥ ያለው ፕሮቲንም ለከብቱ ይደርሳል። ዱቄቱን በገዳሪፍ እንደልብ ከሚገኙት ከማሽላ አገዳና ከሰሊጥ ፋጉሎ ጋር በመጠኑ መቀላቀል ነው። ፍሬውን ሳይፈጭ የበላ መንጋ ካለ ድንበር ከመሻገሩ በፊት አንድ ሳምንት ያህል በአንድ ቦታ ሌላ መኖ እየበላ ይቆይ፤ እበቱም ተሰብስቦ ይቃጠል። መኪናው ከብቱን እንዳራገፈ እዚያው ይታጠብ። የአንድ ሳምንት መኖ ወጪ አለው፤ መስኪት የወረረውን ግጦሽ መመንጠር ግን ከዚያ እጅግ የበለጠ ያስወጣል።