ማመልከቻን በንግግር ማስጻፍ፦ ከላፕቶፕ ጋር አብሮ የተሠራ ማይክሮፎን አጠቃቀም

ተገልጋዮች ማመልከቻቸውን ወይም አቤቱታቸውን በኮምፒውተር አዘጋጅተው ለማቅረብ ሲነሡ የሚገጥማቸው የመጀመሪያ እንቅፋት ብዙውን ጊዜ የሐሳብ ማጣት ሳይሆን የቁልፍ ሰሌዳው ነው። የአማርኛ ፊደል ከ200 በላይ ሆሄያት ስላሉት አንዱን ሆሄ ለመጻፍ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ቁልፍ መምታት ያስፈልጋል። ልምድ የሌለው ሰው ግማሽ ገጽ ለመጨረስ ግማሽ ቀን ሊፈጅበት ይችላል፤ አለዚያም ለጸሐፊ ከፍሎ የግል ጉዳዩን ለሌላ ሰው ይዘረዝራል። ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ ሶፍትዌር ይህን ሸክም በእጅጉ ያቃልላል። ለዚህም የተለየ መሣሪያ መግዛት የግድ አይደለም፤ ከላፕቶፑ ጋር አብሮ የተሠራው ማይክሮፎን በአግባቡ ከተያዘ ሥራውን ይሠራል። ሆኖም ሶፍትዌሩ የጻፈው ሁሉ ተገልጋዩ የተናገረው ነው ማለት አይደለም። በተለይ ስምና ቁጥር ሳይታረሙ የሚቀርቡ ከሆነ በድምፅ የተገኘው ጊዜ በመመላለስ ይጠፋል።

አገልግሎቱ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው የማየት ጉዳት ወይም የእጅ ጉዳት ላለባቸው ዜጎች ነው። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነትም የመረጃና የመገናኛ ቴክኖሎጂ ለእነዚህ ዜጎች ተደራሽ እንዲሆን ያዛል።

አማርኛን በድምፅ ማስጻፍ ለብዙው ሕዝብ የተከፈተው በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ጉግል የድምፅ ጽሑፍ አገልግሎቱን ለ30 ተጨማሪ የዓለም ቋንቋዎች ሲያሰፋ አማርኛና ስዋሂሊ ተካተዋል። ከዚያ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ዶክተር ሰሎሞን ተፈራ አባተ በጀርመን ሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቻቸው ጋር 100 ሰዎች ያነበቡትን 20 ሰዓት ያህል የአማርኛ ንግግር በመሰብሰብ ለዘርፉ ምርምር መሠረት የሆነ የድምፅ ክምችት አዘጋጅተዋል። ከአዲስ አበባው አነጋገር በተጨማሪ የጎጃም፣ የጎንደር፣ የወሎና የመንዝ አነጋገርም ታስቦበት ነበር። የሚታወቅ ነገር ነው፤ ማሽን የሚለየው የሰማውን ያህል ነው።

በላፕቶፕ ላይ ለአማርኛ በቀላሉ የሚገኘው አማራጭ ጉግል ዶክስ ነው። የጂሜይል አድራሻ ያለው ሰው በክሮም ማሰሻ አዲስ ሰነድ ከፍቶ «ቱልስ» ከሚለው ዝርዝር ውስጥ «ቮይስ ታይፒንግ» የሚለውን ሲመርጥ የማይክሮፎን ሥዕል ያለበት ትንሽ ሳጥን ይመጣል። ከሥዕሉ በላይ ካለው የቋንቋ ዝርዝር አማርኛ መመረጥ አለበት። ቋንቋው እንግሊዝኛ ላይ እንዳለ የሚናገር ሰው ትርጉም የለሽ የእንግሊዝኛ ቃላት ሲደረደሩ ያያል፤ ብዙዎችም «አማርኛ አይችልም» ብለው የሚተዉት እዚህ ላይ ነው። ሥዕሉ ሲነካ ማሰሻው ማይክሮፎኑን ለመጠቀም ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከተፈቀደለት ሥዕሉ ቀይ ሆኖ ማዳመጥ ይጀምራል።

ሥዕሉ ቀልቶ ጽሑፍ የማይመጣ ከሆነ ችግሩ ያለው ከላፕቶፑ ነው። በዊንዶውስ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ሳውንድ» ሲከፈት «ኢንፑት» በሚለው ሥር የትኛው ማይክሮፎን እንደተመረጠ ይታያል፤ ሲናገሩ የሚንቀሳቀስ መስመርም አለ። መስመሩ ካልተንቀሳቀሰ «ፕራይቨሲ» በሚለው ክፍል ማይክሮፎኑ መከልከሉን ማየት ይገባል። በአንዳንድ ላፕቶፖች ከቁልፍ ሰሌዳው የላይኛው ረድፍ ላይ ማይክሮፎኑን የሚዘጋ ቁልፍ አለ፤ ሳይታወቅ ይነካል። በብሉቱዝ የተገናኘ የጆሮ ማዳመጫ ካለም ኮምፒውተሩ የራሱን ማይክሮፎን ትቶ ወደዚያ ሊዞር ይችላል፤ ማዳመጫው ቦርሳ ውስጥ ሆኖ እንኳ።

ማይክሮፎኑ የት እንዳለ ማወቅም ይጠቅማል። በብዙ ላፕቶፖች ከስክሪኑ በላይ ከካሜራው ግራና ቀኝ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ትታያለች፤ በሌሎች ላይ በቁልፍ ሰሌዳው ጠርዝ ወይም በታችኛው ገጽ ትገኛለች። ካሜራውን በፕላስተር የሚሸፍኑ ሰዎች ቀዳዳዋንም አብረው የሚሸፍኑበት ጊዜ አለ። ማይክሮፎኑ ከታች በሆነበት ላፕቶፕ ደግሞ ጉልበት ወይም አልጋ ላይ አስቀምጦ መናገር ድምፁን ያፍናል።

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን የምትገኘው ጫግኒ ከእንጅባራ ወደ ግልገል በለስና ጉባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። የከባድ መኪናና የባጃጅ ድምፅ በሚሰማበት ቤት ውስጥ፣ በክረምትም ዝናብ ቆርቆሮ በሚደበድብበት ሰዓት አብሮ የተሠራው ማይክሮፎን ይፈተናል። ምክንያቱ ርቀት ነው። በተናጋሪውና በማይክሮፎኑ መካከል ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው የንግግር ኃይል ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል፤ የዝናቡ ድምፅ ግን ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ አይቀንስም። ስለዚህ ጮኾ ከመናገር ይልቅ ወደ ላፕቶፑ መጠጋት ይሻላል። ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ያለው ርቀት ተስማሚ ነው፤ ከዚያ በላይ ተጠግቶ መናገር ደግሞ ትንፋሹን ጭምር ያስገባል። ኮርኒስ ያለው ክፍል ከሌለው ይመረጣል። ባዶ የሲሚንቶ ግድግዳ ድምፅን ስለሚመልስ መጋረጃ፣ ፍራሽና ጋቢ ያለበት መኝታ ቤት ከባዶ ሳሎን የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ጠዋት መሥራት ይመከራል። በሚናገሩበት ጊዜ የቁልፍ ሰሌዳውን መምታት አይገባም፤ ቁልፉና ማይክሮፎኑ በአንድ አካል ላይ ስላሉ የቁልፉ ድምፅ ከተናጋሪው ድምፅ ጋር ይጋፋል።

ንግግሩ የተለመደውን ፍጥነት የያዘና ሙሉ ዓረፍተ ነገር ቢሆን ይመረጣል። ሶፍትዌሩ አንዱን ቃል የሚለየው ከጎረቤቱ ቃል ጋር አገናዝቦ በመሆኑ ቃላትን አንድ በአንድ ቆርጦ መናገር ያሳስተዋል እንጂ አይረዳውም። ሥርዓተ ነጥብን በቃል ማዘዝ በጉግል ዶክስ ለአማርኛ አልተፈቀደም፤ አራት ነጥቡና ነጠላ ሰረዙ በመጨረሻ በእጅ ይገባሉ።

ማጥበቅና ማላላት ችግር አይፈጥርም። አንባቢን የሚያደናግረው «ገና» የበዓሉ ስም ይሁን «ገና ነው» የሚባለው፣ በጽሑፍ አንድ ዓይነት ስለሆነ ማሽኑ የሚሳሳትበት ቦታ የለም። አስቸጋሪው ተቃራኒው ነው፤ ድምፃቸው አንድ የሆነ፣ መልካቸው ግን የተለያየ ሆሄያት። «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው «ሀይሉ» ወይም «ሃይሉ» ሆኖ ሊወጣ ይችላል። «ዓለሙ» እና «አለሙ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» በጆሮ አይለዩም። ከዚህም የሚብሰው የስሞች ጉዳይ ነው። በጎጃም ምድር የሚወጡ ብዙ ስሞች ራሳቸው ዓረፍተ ነገር ናቸው፦ አንተነህ፣ ማንያዘዋል፣ ይበልጣል፣ ሁሉአገርሽ። «እኔ አመልካች አንተነህ» ብሎ ለሚናገር ሰው ሶፍትዌሩ «እኔ አመልካች አንተ ነህ» ብሎ ቢጽፍለት በሰዋስው ረገድ ያጠፋው ነገር የለም፤ ማመልከቻው ግን ባለቤቱን አጥቷል። ማመልከቻው ላይ ያለው ስም በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት ከተሰጠው የፋይዳ መታወቂያ ወይም ከሌላ ማስረጃ ጋር ካልተመሳሰለ ጉዳዩ ለማስተካከያ ሊመለስ ይችላል። በመሆኑም የአመልካችን፣ የወላጅንና የአያትን ስም፣ የቀበሌንና የጎጥን ስም ከማስረጃው ላይ እያዩ በእጅ መጻፍ ከሁሉ የተሻለ ነው። ቀን፣ የካርታ ቁጥርና የገንዘብ መጠንም እንዲሁ። ድምፁ ለጉዳዩ ዝርዝር ይቀመጥ።

በጓንጓ፣ በዚገም፣ በባንጃና በሌሎች የዞኑ ወረዳዎች አፋቸውን በአዊኛ የፈቱ ዜጎች ግን እስካሁን በቋንቋቸው የሚጽፍላቸው አገልግሎት በጉግል ዝርዝር ውስጥ አያገኙም። ቋንቋው አማርኛ ላይ እንዳለ በአዊኛ መናገር የሚሰጠው ውጤት በድምፅ የሚቀራረቡ የአማርኛ ቃላት ድርድር ብቻ ነው፤ በአማርኛ ንግግር መካከል የገባ የአዊኛ የቦታ ስምም ተመሳሳይ ዕጣ ይደርሰዋል።

ሌላው ሊታወቅ የሚገባው፣ ድምፁ የሚተረጎመው ላፕቶፑ ውስጥ አለመሆኑ ነው። በኢንተርኔት ወደ ኩባንያው ኮምፒውተሮች ተልኮ ጽሑፍ ሆኖ ይመለሳል። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ቢቆይም የዋይፋዩ ሳጥን ስለሚጠፋ ጽሑፉ ይቆማል፤ የስልክን ዳታ በሆትስፖት ማጋራት መፍትሔ ነው። የሕክምና ውጤትን፣ የቤተሰብ ክርክርንና የሚስጥር ቁጥርን የመሳሰሉ ጉዳዮችን በዚህ መንገድ ማስጻፍ ግን አይመከርም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃን ለሚሰበስቡና ለሚያቀነባብሩ አካላት ግዴታ ጥሏል፤ ቢሆንም የወጣ ምሥጢር በአዋጅ አይመለስም። ኢንተርኔት ቤት ወይም በጋራ ላፕቶፕ የሠራ ሰው ሲጨርስ ከጂሜይሉ መውጣት፣ ማሰሻው ለማይክሮፎን የሰጠውንም ፈቃድ ማንሣት ይኖርበታል።

ፊርማ ከማኖሩ በፊት አመልካቹ የታተመውን ወረቀት ከላይ እስከ ታች ያነባል። ማየት የማይችል ወይም ማንበብ የማይችል አመልካች ከሆነ ሲያስጽፍ አብሮት ያልነበረ፣ የሚያምነው ሰው ጮክ ብሎ ያንብብለት፤ አብሮ የነበረ ሰው የሰማውን እንጂ የተጻፈውን ላያነብ ይችላል።